ከካርቶን የሚሠራ የፀሐይ ምድጃ፦ ለተማሪዎች የአሠራርና የሙከራ መመሪያ

«የፀሐይ ምድጃውን ሠርተናል፤ ነገር ግን ከ60 ዲግሪ በላይ አልሞቅ ብሎናል፤ ምን ጎደለው?» የሚለው ጥያቄ የትምህርት ቤቶች የሳይንስ ዐውደ ርእይ በቀረበ ቁጥር ከተማሪዎችም ከመምህራንም ይደርሰኛል። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ፀሐይ አይደለም፤ ተጨማሪ አንጸባራቂም አይደለም። ሳጥኑ የሰበሰበውን ሙቀት መያዝ አቅቶት በየስንጥቁ እያፈሰሰው ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሁሉም በላይ ሙቀትን በማፈን ላይ ያተኩራል፤ እያንዳንዱን እርምጃም ለምን እንደምትሠሩት አብሮ ያስረዳል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ተማሪ በእጁ ያለው ዕቃ እዚህ ከተጻፈው ቢለይ እንኳ ተተኪ መርጦ መሥራት ይችላል።

አሠራሩን በአጭሩ እነሆ። የፀሐይ ብርሃን በመስታወቱ አልፎ ይገባል፤ ጥቁሩ ላሜራና ጥቁሩ ድስት ብርሃኑን ውጠው ይሞቃሉ። የሞቀ ዕቃ የሚለቀው ጨረር ግን ለዓይን የማይታየው ረጅም ሞገድ ያለው ታሕተ ቀይ ጨረር ስለሆነ ተራ መስታወት አያሳልፈውም። በዚህ ላይ በዙሪያው ያለው ሙቀት አጋጅ በጎንና በታች የሚወጣውን ሙቀት ሲያዘገየው፣ የሚገባው ከሚወጣው ስለሚበልጥ የውስጡ ሙቀት ይጨምራል። ጭማሪው የሚቆመው የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሲሆኑ ነው። በ60 ዲግሪ የቆመ ሳጥን ማለት በ60 ዲግሪ ላይ የገባውን ሁሉ መልሶ የሚያፈስ ሳጥን ማለት ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• ትልቅ ካርቶን፦ ስፋቱ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ።
• ትንሽ ካርቶን፦ ስፋቱ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ። ልኩ በትክክል ባይገኝ ዋናው ነገር ትንሹ በትልቁ ውስጥ ሲቀመጥ በአራቱም ጎንና በታች 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት መኖሩ ነው።
• ለአንጸባራቂው 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠንካራና ያልታጠፈ ካርቶን።
• አሉሚኒየም ፎይል፣ አንድ ጥቅል።
• የደረቀ የጤፍ ጭድ ወይም የተጨማደደ ጋዜጣ፣ ክፍተቱን የሚሞላ ያህል።
• 48 በ48 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመስኮት መስታወት። መስታወት ቆራጩ ጠርዙን እንዲሞርድላችሁ ጠይቁ።
• 38 በ38 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጭን ላሜራ።
• የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም። ካልተገኘ የከሰል ዱቄት በዱቄት ሙጫ ለውሶ መቀባት ይቻላል።
• ኮላ ወይም ከስንዴ ዱቄትና ከውሃ የተሠራ ሙጫ፣ ሰፊ ፕላስተር፣ ገመድ፣ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች።
• አሮጌ የጥጥ ጨርቅ፣ በ4 ሳንቲ ሜትር ስፋት የተቀደደ።
• ሁለት ተመሳሳይ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ድስቶች ከነክዳናቸው፣ ውጪያቸው ጥቁር የተቀባ ወይም ጥላሸት የያዘ።
• ቢያንስ እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚለካ ሁለት ቴርሞሜትር። አንድ ብቻ ካለ በየተራ መጠቀም ይቻላል።

ከመጀመራችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ጥንቃቄዎች

የሰውነት ትኩሳት የሚለካበትን ቴርሞሜትር በፍጹም ሳጥኑ ውስጥ አታስገቡ። የሜርኩሪው ዐይነት የሚለካው እስከ 42 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ሙቀቱ ሲያልፈው ይፈነዳል፤ የሚፈሰው ሜርኩሪም መርዝ ነው።

በማንኛውም ጊዜ ፀሐይን በቀጥታ አትመልከቱ፤ አንጸባራቂውንም ስታስተካክሉ ፊታችሁን ብርሃኑ በሚያርፍበት መስመር ላይ አታድርጉ። ከጎኑ ቁሙ፤ ዓይናችሁም ፎይሉን ሳይሆን መስታወቱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ይከተል።

መስታወቱን ስታነሱ ጓንት ወይም ወፍራም ጨርቅ ተጠቀሙ፤ የሞቀውን መስታወት በቀዝቃዛ ውሃ ወይም በእርጥብ ጨርቅ አትንኩ፤ ይሰነጠቃል። ቀለም የምትቀቡት ከቤት ውጪ፣ አየር በሚነፍስበት ቦታ ይሁን። ካርቶን በስለት ስትቆርጡ ስለቱን ከሰውነታችሁ እያራቃችሁ ቁረጡ፤ ለታናናሾቻችሁም ይህን ሥራ አትስጡ።

«ካርቶኑ አይቃጠልም ወይ?» ብለው የሚጨነቁ ወላጆች ብዙ ናቸው። ወረቀት በራሱ እሳት የሚይዘው ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ሲሆን፣ አንድ ጠፍጣፋ አንጸባራቂ ብቻ ያለው እንዲህ ያለ ሳጥን እዚያ አይደርስም። ብርሃንን በአንድ ነጥብ የሚሰበስብ ጎድጓዳ አንጸባራቂ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል በዚህ ሳጥን ላይ አትጠቀሙበት።

አሠራር

1. በትልቁ ካርቶን ወለል ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸውን የካርቶን ድጋፎች በአራቱ ማዕዘንና በመሐል አጣብቁ። ድጋፉን የምትሠሩት የካርቶን ቁራጮችን ደራርባችሁ በማጣበቅ ነው። ትንሹ ካርቶን ያለ ድጋፍ ከተቀመጠ የድስቱ ክብደት ጭዱን ስለሚጨፈልቀው፣ ሙቀት የሚያግደው በጭዱ መካከል የታሰረው አየር ይጠፋል።

2. ወለሉን በጭድ ወይም በተጨማደደ ጋዜጣ ሙሉ፤ ትንሹን ካርቶን በመሐል አስቀምጡ፤ ከዚያ አራቱን ጎኖች ሙሉ። አጥብቃችሁ አትጠቅጥቁ፣ ባዶ ኪስም አትተዉ። ጭዱን አስቀድማችሁ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ እርጥበት የያዘ ጭድ ሙቀትን ያሳልፋል፣ በኋላም መስታወቱን በላብ ይሸፍነዋል። ነጩን የዕቃ ማሸጊያ ስፖንጅ ባትጠቀሙበት እመክራለሁ፤ ወደ 100 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ይለሰልሳል፣ ይሸታልም።

3. በሁለቱ ካርቶኖች አፍ መካከል ያለውን 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት በካርቶን ቁራጮች ሸፍናችሁ በሁሉም መገናኛዎች ላይ ፕላስተር ለጥፉ። የሳጥኑ አፍ ዙሪያውን አንድ ደረጃ፣ ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ይህንንም መስታወቱን አስቀምጣችሁ ወዲያና ወዲህ በመጫን ፈትሹ። መስታወቱ የሚወዛወዝ ከሆነ ከፍ ያለውን ጎን ዝቅ አድርጋችሁ አስተካክሉ። ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሁሉ በዚህ እርምጃ ጥራት ላይ ስለሚቆም ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩት።

4. የትንሹን ካርቶን የውስጥ ግድግዳዎች በፎይል ልበጡ። ሙጫውን ስስ አድርጋችሁ በካርቶኑ ላይ ቀቡ፤ ፎይሉን ከመሐል ወደ ዳር በደረቅ ጨርቅ እያለሰለሳችሁ ለጥፉ። የትኛው የፎይል ገጽ ወደ ውጪ ይሁን የሚለው ብዙ ያከራክራል፤ ልዩነቱ ጥቂት ስለሆነ የሚያብረቀርቀውን ወደ ውጪ አድርጋችሁ ወደ ሥራችሁ እለፉ። የግድግዳው ፎይል ሥራ በጎን የገባውን ብርሃን ወደ ላሜራውና ወደ ድስቱ መመለስ ነው።

5. ላሜራውን በአንድ በኩል ጥቁር ቀቡ፤ ደርቆ ሽታው እስኪጠፋ ጠብቁ። ከዚያ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው የካርቶን ወይም የእንጨት ቁራጮች ላይ፣ ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ብረት ሙቀትን በፍጥነት ስለሚያስተላልፍ በቀጥታ ወለሉ ላይ ቢያርፍ የሰበሰበውን ወደ ታች ይሰጣል፤ ከሥሩ ያለው የአየር ንብርብር ግን ሙቀቱ ወደ ድስቱ እንዲሄድ ያስገድደዋል። የሚያብረቀርቅ ቀለም አትምረጡ፤ ብርሃኑን ከፊሉን ይመልሳል።

6. የጥጡን ጨርቅ ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ በሳጥኑ አፍ ዙሪያ አጣብቁ፤ በማዕዘኖቹ ላይ ክፍተት እንዳይቀር ጫፎቹን አገናኙ። የመስታወቱን ጠርዝ ዙሪያውን በፕላስተር ሸፍናችሁ በጨርቁ ላይ አኑሩት። መስታወቱን ማጣበቅ አያስፈልግም፤ ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የሆነው ክብደቱ ራሱ ጨርቁን ተጭኖ ሞቃቱን አየር ያፍነዋል።

7. አሁን የስንጥቅ ምርመራ አድርጉ። ምሽት ላይ ወይም በጨለማ ክፍል ውስጥ የበራ የእጅ ባትሪ ሳጥኑ ውስጥ አስገቡ፤ መስታወቱን ክደኑና በላዩ ላይ ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም ብርድ ልብስ ጣሉበት፤ ከዚያ ጎኖቹንና የመስታወቱን ሥር ዞራችሁ ተመልከቱ። ብርሃን የሚሾልክበት ቦታ ሁሉ ሞቃት አየር የሚወጣበት ቦታ ነው። እያንዳንዱን በፕላስተር ወይም በጨርቅ ድፈኑ። ብዙ ተማሪዎች ይህን ይዘሉታል፤ ከላይ የጠቀስሁትን ጥያቄ የሚልኩልኝም በአብዛኛው እነሱ ናቸው።

8. ለአንጸባራቂው በተዘጋጀው ካርቶን ላይ ፎይል ለጥፉ። እዚህ ላይ መጨማደድ ዋጋ ያስከፍላል፤ የተጨማደደ ፎይል ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ስለሚበትነው መስታወቱ ላይ የሚደርሰው ያንሳል። የካርቶኑን አንድ ጠርዝ ከሳጥኑ የኋላ ጠርዝ ጋር በፕላስተር በማያያዝ እንደ መዝጊያ የሚታጠፍ አድርጉት። ሁለቱን እንጨቶች በጎንና በጎን ደግፋችሁ፣ ገመዱንም ከላይኛው ጫፍ ወደ ሳጥኑ ጎን አስራችሁ፣ ነፋስ እንዳይጥለው በተፈለገው ማዕዘን አጽኑት።

አቅጣጫና ማዕዘን

ሳጥኑን ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ጥላ በማያገኘው ቦታ ላይ አስቀምጡ። አንጸባራቂው ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ፀሐይ ያድርግ። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በሌላ አገር ከተጻፉ መመሪያዎች «ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሩት» የሚለውን ብቻ የወሰዱ ተማሪዎች እዚህ ይሳሳታሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ድረስ ከአናት በስተሰሜን በኩል ትውላለች፤ በቀሩት ወራት ደግሞ በስተደቡብ። ስለዚህ በታኅሣሥ የምትሠሩ ከሆነ አንጸባራቂው ወደ ደቡብ፣ በግንቦት ከሆነ ወደ ሰሜን ይዞራል።

የፀሐይን ከፍታ ለማወቅ 1 ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ጥላውን ለኩ። ጥላው 58 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ፀሐይ ከአድማስ 60 ዲግሪ ላይ ናት፤ በአዲስ አበባ በታኅሣሥ አጋማሽ ቀትር ላይ የምታገኙትም ለዚህ የቀረበ ነው። ጥላው 27 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከፍታዋ 75 ዲግሪ ገደማ ነው። አንጸባራቂው የመስታወቱን ያህል ርዝመት ካለው፣ በ60 ዲግሪ ከፍታ በመስታወቱና በአንጸባራቂው መካከል ያለው ማዕዘን ወደ 100 ዲግሪ፣ በ75 ዲግሪ ደግሞ ወደ 110 ዲግሪ ይሁን። እነዚህ መነሻ ናቸው፤ የመጨረሻውን ማስተካከያ የሚሰጣችሁ የተንጸባረቀው ብርሃን መስታወቱን ሞልቶ፣ ከጠርዙ ሳያልፍ ማረፉ ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትጓዝ ሳጥኑን በየ30 ደቂቃው አዙሩ።

ሙከራ

9. በመጀመሪያው ቀን ምንም ምግብ አታስገቡ። ባዶውን ሳጥን ለሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ አውሉት፤ በካርቶኑና በሙጫው ውስጥ የቀረው እርጥበት በመስታወቱ ላይ ሲያልበው እያነሳችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። የቀለሙ ትርፍራፊ ሽታም በዚሁ ጊዜ ይወጣል። ሽታው እስካለ ድረስ ምግብ አይገባም።

10. ቴርሞሜትሩን ላሜራው እንዳይነካው አድርጋችሁ አስቀምጡና በትንሽ የፎይል ቁራጭ አጥሉለት። በቀጥታ ፀሐይ የሚያርፍበት ቴርሞሜትር የሚያሳየው የራሱን መሞቅ እንጂ የአየሩን ሙቀት አይደለም። በየ10 ደቂቃው ሰዓቱን፣ የሳጥኑን ውስጥ ሙቀት፣ የውጪውን ሙቀት በጥላ ሥር፣ እንዲሁም የሰማዩን ሁኔታ መዝግቡ። ጥርት ባለ ቀን፣ ስንጥቁ በደንብ የተደፈነ ባዶ ሳጥን 100 ዲግሪን ማለፍ አለበት። ካላለፈ ወደ 7ኛው እርምጃ ተመለሱ።

11. ቀጥሎ ግማሽ ሊትር ውሃ በጥቁሩ ድስት አድርጋችሁ ክደኑትና አስገቡ፤ ተመሳሳይ ድስት በተመሳሳይ የውሃ መጠን ከሳጥኑ ውጪ ፀሐይ ላይ አስቀምጡ። ሁለተኛው ድስት ከሌለ የሳጥኑን ጥቅም ማረጋገጥ አትችሉም፤ ዳኞች መጀመሪያ የሚጠይቁትም ስለዚህ ነው። የድስቱ ክዳን አስፈላጊ ነው፤ ያለ ክዳን የሚወጣው እንፋሎት መስታወቱን ይሸፍናል፣ ሲተንም ብዙ ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አስቀድማችሁ ማስላት ትችላላችሁ። በጥርት ቀን ቀትር ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ወደ 1000 ዋት ነው። የሳጥናችሁ አፍ 0.16 ካሬ ሜትር ስለሆነ አንጸባራቂውን ሳንቆጥር 160 ዋት ያህል ይደርሰዋል። ከዚህ 30 በመቶው ውሃው ዘንድ ቢደርስ 48 ዋት ነው። ግማሽ ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 150 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል፤ ይህም 52 ደቂቃ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ለአንድ ሊትር እጥፍ ይሆናል። የለካችሁትን ከዚህ ስሌት ጋር ስታነጻጽሩ የራሳችሁን ምድጃ ብቃት በመቶኛ ታገኛላችሁ፤ በእኔ እምነት ከጠቅላላው ፕሮጀክት ለተማሪ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው ይህ ቁጥር ነው።

ለምን 92 ዲግሪ እንዳልሁ ትጠይቁ ይሆናል። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ከፍታ ነው። ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ በደብረ ብርሃን ከ91 ዲግሪ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ በድሬዳዋ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃው እየፈላ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቢቆም ምድጃችሁ አልደከመም፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው ሙቀት ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል።

12. ውሃው ላይ ከተሳካላችሁ በኋላ ሩዝ ወይም ድንች ሞክሩ። ምግቡን በቀጭኑ፣ ድስቱን ግማሽ ሳይሞላ አድርጉ፤ በየጊዜው መስታወቱን አትክፈቱ። አንድ ጊዜ በተከፈተ ቁጥር ሞቃቱ አየር ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ የጠፋውን ለመመለስም ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ሥጋና ወተት ለመጀመሪያ ሙከራ አይሁኑ፤ ደመና መጥቶ ምግቡ ለብ ብሎ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ጀርም ይራባበታልና ሳትበሉት ጣሉት። በጥብቅ የተከደነ ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ በፍጹም አታስገቡ፤ በውስጡ የሚታመቀው እንፋሎት ያፈነዳዋል።

አንዳንዶች ምድጃውን የመጠጥ ውሃ ለማከም ይፈልጉታል። ውሃው በሙሉ 65 ዲግሪ ደርሶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይሞታሉ፤ ስለዚህ የግድ መፍላት የለበትም። ማሞቅ ግን ኬሚካልን አያስወግድም፤ ለምሳሌ በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ውሃ ውስጥ የሚገኘው ፍሎራይድ ከሞቀም በኋላ እዚያው ይቀራል።

ዘወትር የሚታዩ ስሕተቶችና መፍትሔዎቻቸው

የሳጥኑ ሙቀት በፍጥነት ጨምሮ በ60 ወይም በ70 ዲግሪ ላይ የሚቆም ከሆነ ስንጥቅ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚገኘው በመስታወቱ ማዕዘኖች ሥር ነው። ሙቀቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ በዝግታ የሚጨምር ከሆነ ግን ችግሩ የሚገባው ብርሃን ማነሱ ነው፤ አቅጣጫውን፣ የአንጸባራቂውን ማዕዘንና የመስታወቱን ንጽሕና ፈትሹ። አቧራ ብቻውን ብዙ ብርሃን ያስቀራል።

ሳጥኑ ከ100 ዲግሪ አልፎ ውሃው ግን ካልሞቀ ድስቱን ተመልከቱ። ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ ወይም ለመጠኑ ብዙ ውሃ የያዘ ድስት ነው። የሸክላ ድስትም ለዚህ አይሆንም፤ ራሱ እስኪሞቅ የቀኑ ጥሩ ሰዓት ያልፋል።

በመስታወት ፈንታ የደብተር መሸፈኛ ፕላስቲክ የሚወጥሩ አሉ። ሲሞቅ ይረግባል፣ ይጨማደዳል፣ ከጠርዙም ይላቀቃል። በአንጻሩ በሁለት መስታወቶች መካከል 1 ሳንቲ ሜትር የአየር ክፍተት ትታችሁ ብትደራርቡ በላይ በኩል የሚወጣው ሙቀት በግልጽ ይቀንሳል፤ ገንዘብ ካላችሁ ሁለተኛ አንጸባራቂ ከመጨመር በፊት ሁለተኛ መስታወት ግዙ።

የመጨረሻው ስሕተት የሙከራ አሠራር ስሕተት ነው። ጭዱን፣ አንጸባራቂውንና ድስቱን በአንድ ቀን ለውጦ «ምድጃው ተሻሻለ» ማለት የትኛው ለውጥ እንደሠራ አያሳይም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሙከራውን በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ጥርት ሰማይ ድገሙ፤ እያንዳንዱን ለውጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ደመና የገባበትን ቀን ውጤት ከሠንጠረዡ አታጥፉት፤ ከጎኑ «ደመና» ብላችሁ ጻፉና ከአማካዩ ውጪ አድርጉት።